የስጦታው ትንፋሽና የላይ ሰፈር ዳገት

በጥር መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ስጦታው ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት እኩሌታ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያም መነሣት አቃተው። ጥሩምባው ጉልበቱ ላይ ነበር። አፉ እንደ ተከፈተ ነው፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ስጦታው ቢቸና ውስጥ የእኛ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ከእድራችን ሰው የሞተ እንደሆነ ጎሕ ሲቀድ ይነሣና ሰባት ቦታ እየቆመ ይጠራል። በየቦታው ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትኛው ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መቃብር የመቆፈር ተራው የየትኛው ሰፈር እንደሆነ ይናገራል። ሰው በየአጥሩ ብቅ እያለ ይጠይቀዋል፣ እሱም ይመልሳል። ስድስቱ ቦታዎች ሜዳ ናቸው። ሰባተኛው ላይ ሰፈር የሚባለው ነው። ወንዙን ተሻግረው፣ አርባ ደቂቃ የማይሞላ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ወጥተው የሚደርሱበት ነው።

በታኅሣሥ የሳንባ ምች ጣለው። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። መድኃኒቱን ጨርሶ እንደ ተነሣ ልብስ ሰፊው ገብረ ኪዳን ሞቱ፤ ስጦታውም ጥሩምባውን አንሥቶ ወጣ። ሥርጉት፣ ሚስቱ፣ በር ላይ ቆማ ለመነችው። አልሰማትም። ስድስቱን ቦታ እንደምንም አዳረሰ። ሰባተኛው ላይ የሆነውን ነገርኋችሁ።

የዚያን ቀን የመቆፈር ተራው የላይ ሰፈር ነበር። ላይ ሰፈር ደግሞ አልሰማም። በስድስት ሰዓት አስከሬኑ ጊዮርጊስ ሲደርስ ጉድጓድ የለም። ገብረ ኪዳን ለግማሹ ከተማ የክት ልብስ የሰፉ ሰው፣ ከጽዱ ሥር ከሁለት ሰዓት በላይ ተኝተው ጠበቁ። ጥላው እየሸሸ ሲሄድ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ አንሥተን አስጠጋነው። ለቀብር የመጡ ሰዎች ነጠላቸውን አውልቀው ሲቆፍሩ ባለቤታቸው ዝም ብለው ያዩ ነበር። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ጥሩምባው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የእድሩ ዳኛ አቶ በላቸው ናቸው፤ ከእርሻ ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሰው።

«ስጦታው፣ ታመሃል። ማንም አልወቀሰህም» አሉት።

«ወቅሳችኋል። ባትወቅሱማ ጥሩምባው ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?»

«ጥሩምባው የእድሩ ንብረት ነው።»

«ይሁን፣ ያዙት። ዳገቱ ግን የእድሩ ንብረት አይደለም። ዳገቱን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሰው ሣቀ። ስጦታው አልሣቀም። ከእንግዲህ ጥሪው በየሺጥላ ባጃጅ፣ በድምፅ ማጉያ እንዲሆን ተወሰነ። ስጦታው ቅር ካለው በመስከረም ለጠቅላላው ጉባኤ ማመልከት ይችላል ተባለ። እስከዚያ ሰባት ወር አለ። ተነሥቶ ወጣ።

የሺጥላን ክፉ አልናገረውም፤ ትጉህ ልጅ ነው። ባጃጁ ግን ወንዙን አይሻገርም። ወዲህ ዳር ቆሞ ማጉያውን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ላይ ሰፈሮች የሚሰሙት ጩኸት እንጂ ቃል አይደለም። ደግሞ ማጉያውን ቆም ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ተናግሮ ያልፋል።

ቤት ውስጥ ሥርጉት ጋቢ ደርባ አስቀመጠችው። ጎረቤት ሁሉ ምክር ያዋጣ ነበር። ቅቤ ይጠጣ፣ ፀሐይ አይንካው፣ ከአልጋ አይውረድ። «ትንፋሹ አልቋል» ይላሉ፣ እሱ እየሰማ። ስጦታው ትንፋሽ የሚኖረው ሳንባ ውስጥ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ደቅኖ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነፋ። ያተረፈው የጉንጭ ሕመምና ራስ ማዞር ነው። ጋቢውን ጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

እዚያ ሲስተር ሀኒያን አገኘ። ሀኒያ የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ ሙሐመድሁሴን በሞጣ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ደረቱንና ጀርባውን በማዳመጫው አዳመጠችው።

«ሳንባዎ ድኗል፣ ጋሼ።»

«ከዳነ ትንፋሼ የት ገባ?»

«ሳንባዎ አየሩን ያስገባል። አየሩን ተሸክሞ እግርዎ ድረስ የሚያደርሰው ግን ደም ነው፤ ደሙን የሚገፋው ልብ ነው። ልብ ጡንቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሲተኙ እሱም አብሮ ተኛ። እግርዎም እንደዚሁ።»

እጁን ይዛ ሁለት ጣቷን አንጓው ላይ አሳረፈች። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። በደቂቃ ዘጠና ሁለት።

«ተቀምጠው ይህን ያህል የሚመታ ልብ ዳገት ላይ ምን ይጨምራል? አሁንም እየሮጠ ነው እኮ። ልናስተምረው ይገባል። ሲማር በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይመታል። ጡንቻዎ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ምግቡና አየሩ አብረው የሚነዱባቸው ምድጃዎችም ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ እርስዎ ግን ሌላ ሰው ነዎት።»

«ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። አልረፈደም?»

«ቀስ ብሎ ይመጣል እንጂ ይመጣል።»

ይህን ሲነግረኝ ከእኔ ጋር የነበሩት ሁሉ ሣቁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነውና አልሣቅሁም።

በየካቲት ጀመረ። ያዘዘችው በሳምንት አራት ቀን፣ በዝግታ፣ እርምጃ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ቀን ከወንዙ ተነሥቶ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ደርሶ ተመለሰ። ሌላ ሜዳ ሞልቶ ሳለ እዚያው የተሸነፈበት ዳገት ላይ፣ ሰው እያየው ነበር የሚሄደው። ገበያ ቀን ከላይ ሰፈር የሚወርዱ ሰዎች ያገኙታል።

«አያ ስጦታው፣ ለኦሎምፒክ ነው?»

«ለአንተ ቀብር ነው። ስትሞት እንዳይደክመኝ።»

ሁለተኛ የጠየቀው የለም።

ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያው ሰሞን የሀኒያም ረመዳን ያዘ። እሷም ጦሟን ውላ የሰው ክንድ ትለካለች፣ እሱም ጦሙን ውሎ ክንዱን ይሰጣታል። ጾሙን ከሚፈታበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ በዝግታ እንዲሄድ፣ ውኃ ሳይጠጣ እንዳያድር መከረችው። እሱ ግን አራት ቀን ያለችውን ሰባት አድርጎታል። ዕልኸኛ ነው። አሥረኛው ባሕር ዛፍ ላይ ሲደርስ አንድ ሳምንት ሙሉ ከዚያ ማለፍ አቃተው። እግሩ እንደ እርጥብ ግንድ ከበደው። ወደ ሰማንያ አራት ወርዶ የነበረው የጧት ምት ተመልሶ ዘጠና ደረሰ።

መጋቢት ሃያ አንድ ጧት በረባሶውን ሲያጠብቅ ሥርጉት በሩን ዘጋችው።

«ዛሬ ማርያም ናት! በሬ እንኳ ተፈትቶ ይውላል። አንተ ገላህን ጠምደህ የት ልትሄድ ነው?»

«ይህ ሥራ አይደለም።»

«ላብህን እኔ አይደለሁ የማጥበው? ሥራ ነው!»

ከሚስቱ ቁጣ ይልቅ በማርያም መባሉ አሳፈረው። ያን ቀን ተቀመጠ። በማግሥቱ ሲወጣ እግሩ የራሱ አልመስል አለው፤ አሥረኛውን አልፎ አሥራ አራተኛው ባሕር ዛፍ ደረሰ። በነጋው እየተጣደፈ ለሀኒያ ነገራት።

«እኔ አራት ቀን ብዬዎት አልነበረም?» አለችው እየተቆጣች። «መሄዱ ገላን ይፈትነዋል፣ ያደክመዋል። የጎደለውን የሚሞላው፣ የሚጨምረውም፣ እርስዎ ሲያርፉ ነው። ካላረፉ መቼ ይሠራ?»

እንግዲህ ተቀምጠው ቀን አወጡ። እሑድን፣ የሚካኤልን፣ የገብርኤልን፣ የማርያምን፣ የመድኃኔ ዓለምን፣ የባለ ወልድን ቀን እሱ ሲቆጥር እሷ በካርዱ ጀርባ ጻፈች። ሃይማኖቷ ሌላ ነው፤ የበዓል ቀናችንን ግን ከእኔ አሳምራ ታውቃለች። ለስጦታው እግር በዓል ሰጠነው እያለች ትሥቅ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ዳገቱን ሳይቀመጥ ወጣው። በግንቦት መሮጥ ጀመረ። ሩጫ ስል የወጣት ሩጫ እንዳይመስላችሁ፤ እያዘገመ፣ ክንዱን ሰብስቦ፣ ሱሪውን ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ ነው። ሀኒያ አንድ ነገር አስጠነቀቀችው።

«እየሮጡ ይናገሩ። አንድ ሙሉ ነገር ሳይቆራረጥ መጨረስ ካቃተዎ አብዝተዋል፣ ይቀንሱ። መዝፈን ከቻሉ ደግሞ ሰንፈዋል።»

ጥፋቱ ከዚህ መጣ። ስጦታው ብቻውን የሚናገር ሰው አይደለም። ሙሉ ሆኖ አፉ ላይ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥሪው። የጥሩምባ ነፊ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስም በዚያ ጥሪ ውስጥ አይገባም፤ አንዴ የተጠራ ሙትም ሁለተኛ አይጠራም። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ስም አገኘ። ማንንም የማይበድል መሰለው።

ሰኔ መጀመሪያ ነው። ጉሙ ዳገቱን እስከ ወንዙ ሸፍኖታል። ስጦታው ሽቅብ እየሮጠ፣ በሙሉ ድምፁ፣ ቃል ሳይሰብር ጠራ፦

«የእድራችን ሰዎች! ስጦታው ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል! ቀብሩ ዛሬ በስድስት ሰዓት ጊዮርጊስ ነው! የላይ ሰፈር ተረኞች ዶማና አካፋ ይዛችሁ ቅደሙ!»

ሳይቆራረጥ ጨረሰው። ደስ አለው። እንደ ገና ጠራው።

ከዳገቱ እርከን በታች ፋንታ የሚባል የላይ ሰፈር ገበሬ ያርስ ነበር። ሰውየውን አላየውም፤ ጉም ነው። ድምፁን ግን ሰማ። በሬዎቹን እንደ ጠመደ ትቶ ወደ ከተማ ሮጠ።

ስጦታው ዳገቱን ጨርሶ፣ በዚያው በሞጣ መንገድ አድርጎ፣ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ማሳውን ሊያይ ሄደ። ስልኩን ቤት ትቷል። ሥርጉት ወፍጮ ቤት ነበረች፤ እዚያው ሆና ተነገራት። ዱቄቱን ጥላ እየጮኸች መጣች። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ፤ አስከሬኑን ፍለጋም ወደ ዳገቱ ሰው ተላከ። አንዱ ሞጣ ደወለ። ታላቅ እኅቱ እፀገነት ሞጣ ነው የምትኖረው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በተገኘው ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ደረቷን እየደቃች መጣች። ተሳፋሪው ሁሉ አብሯት አለቀሰ።

ቢቸና ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ሰው በመንገዱ ዳር ሱሪውን ጠቅልሎ ይሮጣል።

«አቁም! አቁም አልሁህ!» አለችው ሾፌሩን።

ስጦታው እኅቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትወርድ ባየ ጊዜ ደነገጠ።

«እፀገነት! ማን ሞተ?»

«አንተ!»

ጫማዋን አውልቃ መታችው። አንድ ጊዜ ትመታዋለች፣ አንድ ጊዜ ትስመዋለች። ሾፌሩ መሐል ገብቶ ሁለት ጫማ ቀመሰ።

ቤቱ ሲደርስ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ነበርሁ። ሰው ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ተነሥቶ ሸሸ። ሥርጉት ራሷን ስታ ውኃ ረጨናት፤ ስትነሣ የተናገረችውን አልጽፈውም። ከዚያ ሁሉም ወደ ፋንታ ዞረ።

«ማን ሲጠራ ሰማህ?» አሉት አቶ በላቸው።

«ራሱ ስጦታው ነዋ!»

«ሰውየው ሞቷል እያለ ሰውየው ራሱ ሲጠራ፣ አንድም ነገር አልጠረጠርህም?»

«ምን ልጠርጥር? ሃያ ስድስት ዓመት ሲጠራ ዋሽቶ አያውቅም እኮ!»

ሰው ንፍሮውን ጨርሶ ወደየቤቱ ሄደ። ነገሩ ግን በሣቅ አላለቀም። ሳምንት ሳይሞላ ኮሚቴው ጠራው። የሐሰት ጥሪ በደንባችን ከባድ ጥፋት ነው። የመስከረም ማመልከቻው እንዳይታይ፣ ጥሩምባውንም ዳግመኛ እንዳይነካ ሐሳብ ቀረበ።

«የተጠራው እኔ ነኝ» አለ ስጦታው ቆሞ። «የተበደለ ካለ ሟቹ ነው። ሟቹ ይክሰሰኝ።»

«ቀልድ አይደለም። ሚስትህን ገድለሃት ነበር» አሉት አቶ በላቸው።

«ስለ ሥርጉት ይገባኛል። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እናንተ ግን ጥሩምባውን የወሰዳችሁብኝ ዳገቱን አትችለውም ብላችሁ ነው። እችለዋለሁ። ፈትኑኝ።»

«በምን እንፈትንህ? ሰው ሳይሞት ጥሩምባ አይነፋም።»

 ከዚያ አንድ በአንድ ዓይኑ ሁሉ ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ መዞር ጀመረ። እኔ ላይ ሲደርስ፣ «እኔን አትዩ፣ የጀመርሁት ጽሑፍ አለኝ» አልሁ።

እማማ ውበቴ ግን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። ዘጠና ያለፋቸው፣ ከእድሩ መሥራቾች በሕይወት የቀሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«እኔን እዩኝ! ምን ያሳፍራችኋል? ፈተናው እኔ እሆናለሁ። በመኪና ጡሩምባ አልጠራም፤ እኔ ሰው ነኝ፣ በሰው አፍ እጠራለሁ። ይኸን ልጅ አታባርሩብኝ።» ወደ ስጦታው ዞሩ። «አንተም ሥራህን ጨርስ። እስክትጠነክር እጠብቅሃለሁ።»

ማንም አልተቃወማቸውም። አቶ በላቸው በመዝገቡ ላይ ምን ብለው እንደሚጽፉት ቸግሯቸው ብዕራቸውን ከደኑ።

ከዚያ ወዲያ ስጦታው ከዳገቱ ሲመለስ በእማማ ውበቴ ደጅ ነው የሚያልፈው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

«ዛሬ ስንት መታ?»

«ሰባ ስምንት።»

«ገና ነህ። አልሞትም።»

በሳምንቱ፦ «ስንት?»

«ሰባ አራት።»

«እያደግህ ነው። በል ሂድ፣ ቆሎዬን ልብላበት።»

በሐምሌ አጋማሽ ዳገቱን በሃያ ስድስት ደቂቃ እየሮጠ ይወጣ ነበር። ሀኒያን ያስደሰታት ግን ይህ አልነበረም። ላይ ደርሶ በቆመ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ልቡ ምን ያህል እንደሚመለስ ነበር የምትጠይቀው። በየካቲት አሥር ደቂቃ ቆሞ ሲያለከልክ የነበረ ሰው፣ አሁን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተረጋግቶ ያወራል። ጧት ከአልጋ ሳይወርድ ሲቆጥር ስልሳ አራት ሆኗል።

«ይህ ግን ለዘላለም የእርስዎ አይደለም» አለችው። «ሦስት አራት ሳምንት ከተቀመጡ መመለስ ይጀምራል።»

«ማን ሊቀመጥ?»

እማማ ውበቴ በዚያን ሰሞን ከሲታ ሆነዋል። ድምፃቸው ወርዷል።

«ስንት መታ፣ ልጄ?»

ስጦታው ስልሳ አራት አላለም። «ሰባ» አለ።

«ከሰባ አልወርድ አለህ?»

«አልወርድ አለኝ፣ እማማ። ገና ነኝ። ትንሽ ይቆዩ።»

በየቀኑ ሰባ ነው የሚላቸው። ይህን በኋላ ነው የነገረኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ያልዋሸ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋሸ።

ነሐሴ ስምንት፣ በፍልሰታ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ሊነጋጋ ሲል እማማ ውበቴ አረፉ። ሴት ልጃቸው አምሳለች ቀጥታ አቶ በላቸው ቤት ሄደች። የሆነውን እሷው ነግራኛለች። አቶ በላቸው ለየሺጥላ ሊደውሉ ስልካቸውን አነሡ።

«እናቴ በሰው አፍ ነው ያለችው» አለች።

«አምሳለች፣ መንገዱ ጭቃ ነው። የመቆፈሩ ተራ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የላይ ሰፈር! እንደ ገብረ ኪዳን ቢሆኑብሽስ?»

«ተናዝዛለች። እናንተም ሰምታችኋል።»

 አቶ በላቸው ስልካቸውን አስቀምጠው ጥሩምባውን ከሣጥን አወጡ። ስጦታው ቤት ሲደርሱ እሱ ተነሥቶ በረባሶውን አድርጎ ነበር።

«እማማ ውበቴ ናቸው» አሉት።

 «ሰባ ነው ብያቸው ነበር እኮ» አለ ስጦታው።

«ምን?»

«ምንም።»

«ባጃጁን ወንዙ ዳር አቆመዋለሁ። ዳገቱ ላይ ከቀረህ ጉድጓዱን ራስህ ትቆፍራለህ፤ ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር አታነሣብኝም።»

«ስጡኝ።»

ስድስቱን ቦታ ሲያዳርስ እኔ በድምፁ ተከተልሁት። ቤቴ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ጋቢዬን ለብሼ በረንዳዬ ላይ ወጣሁ። መሻገሪያው ላይ የሺጥላ ባጃጁን አቁሞ ነበር።

«አያ ስጦታው፣ ማጉያውን ልስጥዎ?»

«ለከሰል ሻጭ ስጠው» ብሎት ውኃው ውስጥ ገባ።

ካፊያ ነበር። ጭቃው ከበረባሶው ጋር ይጣበቅና ይስበዋል። ባሕር ዛፎቹን አንድ በአንድ ሲያልፍ አየሁት። የተቀመጠባት ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ እኔ ትንፋሼን ያዝሁ፤ እሱ ዞር ብሎም አላያት። ጉሙ ዋጠው። እንግዲህ ጆሮ ብቻ ቀረኝ። ደጄ ላይ አቶ በላቸውም ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።  ረጅም ጊዜ ምንም የለም። «ቀረ» አሉ።

ጥሩምባው ያን ጊዜ ተነፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው አላጠረም። ከሦስተኛው በኋላ ትንፋሽ የሚስብ ሰው ዝም ይላል። ስጦታው ዝም አላለም።

«የእድራችን ሰዎች! እማማ ውበቴ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ጊዮርጊስ ነው! የላይ ሰፈር ተረኞች ዶማና አካፋ ይዛችሁ ቅደሙ!»

እያንዳንዱ ቃል ወንዙን ተሻግሮ ደጄ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ የፋንታ ድምፅ ተሰማ።

«አያ ስጦታው! እውነት ነው ወይስ ልምምድ?»

«እውነት ነው! ዶማህን አምጣ!»

አቶ በላቸው ጃንጥላቸውን አጥፈው በካፊያው ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ወደ ጊዮርጊስ ወጣሁ። አቶ በላቸውም ቀድመው መጥተዋል። ከጽዶቹ በታች፣ እስከ ደረቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጭቃ የሚወረውረው ስጦታው ነበር። አቶ በላቸው ደነገጡ።

«ምነው? አልመጡም? ብቻህን ነህ?»

«ዞር ብለው ይዩ» አለ ስጦታው ቀና ሳይል።

ከአጥሩ ሥር አሥራ አንድ የላይ ሰፈር ሰዎች ዶማቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፋንታ መዳፉን እያየ ያሻሻል።

«እኛማ ደከመን፣ እሱ አልወጣም አለ» አለ ፋንታ። «ውጣ ብንለው ይሰድበናል።»

«ታዲያ አንተ ለምን ትቆፍራለህ?» አሉት አቶ በላቸው። «ዳገቱ ላይ ካልቀረህ…»

«አልቀረሁም። ተርፎኝ ነው።» አካፋውን ወደ ላይ ሰጣቸውና ጠርዙን ይዞ ወጣ። ሁለት ጣቱን አንጓው ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆጠረ፤ ቁጥሩን ግን ለማንም አልተናገረም።

አቶ በላቸው እጃቸውን ዘረጉ። «በል፣ ጥሩምባውን። የእድሩ ንብረት ነው።»

«ታጥቦ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል» አለ ስጦታው። «ንብረቱ የእድሩ ነው። ችንካሩ የእኔ ነው።»

አቶ በላቸው የተዘረጋ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝና አካፋውን ይዘው የጉድጓዱን ጥግ ለማስተካከል ወረዱ። ሦስት አካፋ ሳይሞሉ ማለክለክ ጀመሩ።

«ቀስ ይበሉ» አላቸው ስጦታው ከላይ ሆኖ። «እየቆፈሩ መናገር ካቃተዎ አብዝተዋል።»